የሩዋንዳ ባንዲራ ማንንም አልካደም

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ እኔም ዘንድ የደረሰ አንድ ጽሑፍ አለ። ስለ ሩዋንዳ ባንዲራ ነው። አጻጻፉ ደስ ይላል፣ ስሜትም ይነካል። ብዙ ሰው "እውነትም!" እያለ የተቀባበለው ለዚህ ይመስለኛል። ችግሩ የታሪኩ ግማሽ ልክ አይደለም። ልክ የሆነው ግማሽ ደግሞ የዋለው የማይሆን መደምደሚያ ላይ ለመድረስ ነው።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው እንደሚሉት ሩዋንዳ ነፃ ስትወጣ የራሷ የሚባል ምልክት ስላልነበራት አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀያችንን በቀጥታ ከኢትዮጵያ ወሰደች። መሃሉ ላይ "አር" የምትል የላቲን ፊደል የለጠፈችው ሌላ ሐሳብ ስላጣች ነው። በ1994 የሩዋንዳ አርበኞች ግንባር ኪጋሊ እንደገባ ባንዲራውን አውርዶ ጣለው። በምትኩ ነጮች የሳሉትን፣ ከተባበሩት መንግሥታት ሰማያዊ የተቀዳ ሌላ ባንዲራ ሰቀለ። በዚህም ኢትዮጵያን ካደ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ዞር ይሉና ባንዲራው በመቀየሩ አገሪቱ ሰላም አገኘች ይላሉ። ክህደቱም ሰላሙም አንድ ጨርቅ ላይ እንዴት እንደተገናኙ አልገባኝም፤ ቆይተን እናየዋለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እሺ፣ ከቀለሞቹ እንጀምር።

የአፍሪካ አገሮች ነፃ ሲወጡ ኢትዮጵያን እንደ አርአያ ማየታቸው እውነት ነው፤ ይሄን የሚክድ የለም። ግን ቀለሞቹ ሩዋንዳ የደረሱት በአዲስ አበባ በኩል አይደለም። በምዕራብ አፍሪካ ዞረው ነው። መጀመሪያ ጋና አለች። በመጋቢት 1957 ነፃ ስትወጣ ቀይ፣ ወርቃማ ቢጫና አረንጓዴ አግድም ደርድራ መሃሉ ላይ ጥቁር ኮከብ አስገባች። ንድፉን የሠሩት ቴዎዶሲያ ኦኮ የተባሉ ሠዓሊና መምህርት ናቸው። ጥቁሩ ኮከብ ከእኛ የመጣ አይደለም፤ ጥቁሮችን ወደ አፍሪካ እመልሳለሁ ብሎ ማርከስ ጋርቬይ ያቋቋመው የመርከብ ኩባንያ ስሙ "ጥቁር ኮከብ" ነበር፣ ኮከቡም ከዚያ ነው።

ቀጥላ ጊኒ መጣች። የጊኒው መሪ ሴኩ ቱሬ የፈረንሳዩን መሪ ደጎልን በድምፀ ውሳኔ "አይሆንም" ካሉ በኋላ፣ በኅዳር 1958፣ አገሪቱ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴን ቁልቁል አቁማ ሰቀለች። አቋቋሙ የፈረንሳይ ባንዲራ አቋቋም ነው። ቀለሞቹ ደግሞ የዚያን ጊዜው ትልቁ የፈረንሳይ አፍሪካ ፓርቲ፣ የአፍሪካ ዴሞክራሲያዊ ስብስብ፣ ቀለሞች ናቸው፤ ከጋናም ጋር ይገጥማሉ። ከዚያ ማሊ ያንኑ ገልብጣ ከአረንጓዴ ጀመረች። ሴኔጋል መሃሉ ላይ አረንጓዴ ኮከብ ጨመረች። በነገራችን ላይ የማሊ ባንዲራ መጀመሪያ መሃሉ ላይ እጁን ወደ ላይ የዘረጋ ሰው የሚመስል ጥቁር ምስል ነበረበት። በእስልምና ምስል ነውር ነው የሚሉ ሰዎች ስለተቃወሙ በ1961 ወጣ።

ሩዋንዳ በዚሁ በ1961 መጀመሪያ ላይ የሰቀለችው ባንዲራ ምን ይመስል ነበር? ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ቁልቁል የቆመ፣ ቀዩ ምሰሶው ጋ። ከጊኒው ጎን ብታስቀምጡት ለመለየት ትቸገራላችሁ ሳይሆን ጭራሽ አትለዩትም። የእኛ አግድም ነው፣ አረንጓዴውም ከላይ ነው። ኮረጀች ከተባለ የኮረጀችው ከጊኒ ነው ማለት ነው። ትርጉሙንም ለራሷ ነው የሰጠችው፤ ቀዩ በአብዮቱ የፈሰሰው ደም ነው ተባለ፣ የትኛው አብዮት እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ። ያ አብዮት ከአድዋ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

እና "ካዱን" የሚለው ነገር እዚሁ ላይ ያበቃል። በቀጥታ ያልወሰዱትን ነገር እንዴት ነው የሚክዱት? ሶማሊያ ሰማያዊና ነጭ ናት። ናይጄሪያ አረንጓዴና ነጭ። ቦትስዋና፣ ዝናብ ብርቋ ስለሆነ፣ የውሃ ሰማያዊ አድርጋዋለች። ኬንያና ማላዊ ከእኛ ይልቅ ወደ ጋርቬይ ቀይ፣ ጥቁርና አረንጓዴ ያደላሉ። አንዳቸውንም ከሃዲ ያለ አልሰማሁም።

አሁን ወደ ከባዱ ልሂድ። "ሩዋንዳ የራሷ የሚባል ምልክት ስላልነበራት" የምትለዋ ሐረግ ናት ከሁሉ በላይ ያናደደችኝ።

ሩዋንዳ ጀርመኖች ከመምጣታቸው በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ንጉሥ፣ ቤተ መንግሥትና ጦር የነበራት አገር ናት። ቅኝ ገዥ በካርታ ላይ ቆርጦ የፈጠራት አይደለችም። የመንግሥቱ ምልክት ግን ጨርቅ አልነበረም፤ ከበሮ ነበር። ካሊንጋ ይባላል። ንጉሥ ያለ ካሊንጋ ንጉሥ አይደለም። ለጭፈራ የሚወጣ ከበሮ እንዳይመስላችሁ፤ ጠባቂዎች አሉት፣ የክብር ሥርዓት አለው፣ ሌሎች ከበሮዎች ያጅቡታል። እና በላዩ ላይ ምን ይንጠለጠልበት ነበር መሰላችሁ? በጦርነት የተሸነፉ ጠላት ገዥዎች ብልት፣ ተሰልቦ። ሰለባ እኛም ጋ እንግዳ ቃል ስላልሆነ አንባቢዬ ብዙ አይደነግጥም ብዬ እገምታለሁ።

ታሪኩን ታሪክ የሚያደርገውም ይሄ ነው። ከበሮው ለቤተ መንግሥቱ ሰዎች የአንድነት ምልክት ነው። ለሁቱ ፖለቲከኞች (ሁቱ የአገሪቱ ብዙኃን፣ ቱትሲ ደግሞ ንጉሡ የወጡበት ወገን ነው) ግን የተንጠለጠለው ነገር የማን እንደሆነ ጥያቄ ነበር። "የእኛ አባቶች ናቸው፣ እዚያ የተሰቀሉት የተሸነፉት የሁቱ ገዥዎች ናቸው፤ ታዲያ ይሄ እንዴት የሁላችንም ምልክት ይሆናል?" ባዮች ነበሩ። በሐምሌ 1959 ንጉሥ ሙታራ ሩዳሂግዋ ቡጁምቡራ ላይ በድንገት ሞቱ። ኪጌሊ አምስተኛ ነገሡ። በኅዳር ብጥብጡ ፈነዳ፤ ቤቶች ተቃጠሉ፣ ሰው ተገደለ፣ ብዙ ቱትሲዎች ወደ ኡጋንዳ፣ ቡሩንዲና ኮንጎ ተሰደዱ። ያ ነው "አብዮቱ" የሚባለው፤ በቀዩ ቀለም የተዘከረው ደምም የዚያ ነው። ስደት የወጡት ቤተሰቦች ልጆች ናቸው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጠመንጃ ይዘው የተመለሱት፤ የሩዋንዳ አርበኞች ግንባር የሚባለው የእነሱ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ለአንዱ ወገን የነፃነት ደም፣ ለሌላው ከቤቱ የተባረረበት ደም። አንድ ቀለም ነው።

ጥር 28 ቀን 1961 በየወረዳው የተመረጡ ሹማምንት ጊታራማ ላይ ተሰብስበው ሪፐብሊክ አወጁ። ከጀርመኖች በኋላ አገሪቱን ትገዛ የነበረችው ቤልጂየም አውቃ እንዳላየች ሆነች፤ አግዛለችም የሚሉ አሉ፣ እኔም እነሱን ነው የማምነው። ንጉሡም ካሊንጋም ተሽረዋል ተባለ። ባለሦስት ቀለሙ ባንዲራ ብቅ ያለው ያኔ ነው። ባዶ ቦታ ላይ አልተሰቀለም። ከበሮውን ሊተካ ነው የመጣው። መስከረም 25 በተባበሩት መንግሥታት ታዛቢነት በተደረገ ድምፀ ውሳኔ አብዛኛው ሕዝብ ንግሥናውን አልፈልግም አለ። ንጉሡ በስደት ኖረው ኖረው በ2016 አሜሪካ ውስጥ አረፉ፤ የመጨረሻ ዘመናቸውን የገፉት የእኛ ሰው እንደ አሸን በፈላበት በቨርጂኒያ ነው። ስንቱ አበሻ ሱቅ ውስጥ አጠገባቸው ቆሞ ሳያውቃቸው አልፎ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ጸሐፊው ይሄን ሁሉ ዘለው "ምልክት አልነበራትም" ሲሉ፣ ሊያከብሩት የፈለጉትን የአፍሪካ ታሪክ ራሳቸው ናቸው የደፈጠጡት።

ስለ "አር" ፊደሏ ደግሞ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። አዎ፣ ከጊኒ ለመለየት ነው የገባችው። እሱ እውነት ነው። ግን "ሐሳብ ሲጠፋ" የሚለው አይደለም። በዚያው ዓመት የተደረገው ድምፀ ውሳኔም አብዮቱም በፈረንሳይኛ በዚችው ፊደል ነው የሚጀምሩት፤ የአገሪቱ ስምም እንደዚሁ። ለባንዲራው ባለቤቶች ሦስቱን በአንድ ፊደል መያዝ ብልጠት ነበር። በእኔ ዓይን ግን አያምርም። ወፍራም ጥቁር ፊደል፣ ቢጫው መሃል ግጥም ብሎ፣ የትምህርት ቤት ቲሸርት ይመስላል። ሌላም ጣጣ አለው። ነፋስ ገልብጦት ከጀርባ በኩል ስታዩት ፊደሏ ዞራ ነው የምትታየው፤ በሁለቱም በኩል ቀጥ ብላ እንድትነበብ ከተፈለገ ሁለት ጨርቅ ጀርባ ለጀርባ መስፋት ያስፈልጋል። ሳዑዲዎች ባንዲራቸው ላይ ያለው ቃለ ምስክርነት ከየትኛውም ወገን ቀጥ ብሎ እንዲነበብ የሚያደርጉት እንደዚህ ነው። "የረባ ባንዲራ ላይ ጽሑፍ አይገባም" የምትለዋን የጽሑፉን ሐረግ ግን እዚሁ እጥላታለሁ። ሳዑዲን ጠቅሻለሁ፣ ብራዚልም መፈክሯን ጽፋበታለች፣ ኢራንም በሁለቱ ጠርዞች ላይ "አላሁ አክበር" ደርድራበታለች።

"ኪጋሊ እንደገቡ አውርደው ጣሉት" የሚለውስ? ይሄ በቀን መቁጠሪያ ብቻ የሚፈርስ ነው። ግንባሩ ኪጋሊን የያዘው ሐምሌ 4 ቀን 1994 ነው። አዲሱ ባንዲራ የጸደቀው ጥቅምት 25 ቀን 2001፣ በይፋ የተሰቀለው ደግሞ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። በመሃል ከሰባት ዓመት በላይ አለ። ሰባት ዓመት ሙሉ አዲሶቹ ገዥዎች ያስተዳደሩት በባለ "አር"ዋ ባንዲራ ሥር ነው። የሩዋንዳ ስፖርተኞች በ1996 አትላንታ፣ በ2000 ደግሞ ሲድኒ ኦሎምፒክ የገቡት እሷኑ ይዘው ነው። በ1994 ክረምት ፈረንሳዮች ከደቡብ ምዕራብ ሩዋንዳ ሲወጡ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ቦታውን ከተረከቡት መካከል የኢትዮጵያ ወታደሮች ነበሩ፤ ያኔ የአገሪቱ ባንዲራ ያው አሮጌው ነበር። አንድ ሰው "ወዲያው ጣሉት" ብሎ ከመጻፉ በፊት ያኔ እዚያ የነበረ ወታደር ፈልጎ ቢጠይቅ ምን ነበረበት? አዲስ አበባ ውስጥ አይጠፋም እኮ።

ለምን ቆዩ? ለምንስ ቀየሩ? ባንዲራው ብቻውን አልተቀየረም፤ ብሔራዊ መዝሙሩና የአገሪቱ አርማም አብረው ነው የተቀየሩት። አሮጌው መዝሙር ሕዝቡን በጎሣ ስም እየጠራ፣ ሁቱ፣ ቱትሲ፣ ትዋ እያለ ነበር የሚያወድሰው። አዲሱ መንግሥት ደግሞ ከመታወቂያ ወረቀት ላይ ጎሣን የሰረዘ መንግሥት ነው። ያቺ የጎሣ መስመር መታወቂያ ላይ የገባችው በ1930ዎቹ በቤልጂየሞች ጊዜ ነው፤ በ1994ቱ የቱትሲዎች ጭፍጨፋ በየኬላው ሰውን የምታስገድል እሷ ነበረች። መታወቂያውን ሰርዞ መዝሙሩን ማቆየት አይገጥምም። ባንዲራውም በ1959 የፈሰሰውን ደም የሚዘክር ነው፤ በዚያ ደም የተሰደዱት ሰዎች ልጆች ሥልጣን ላይ ሆነው እስከ መቼ ይሰግዱለታል?

ይሄን ስል ሁሉም ተስማምቶ ነበር ማለቴ አይደለም። ውጭ ያሉ ተቃዋሚዎች "የእኛን ታሪክ ሰረዛችሁ፣ የግንባሩን ባንዲራ በሕዝብ ላይ ጫናችሁ" ብለዋል፣ ዛሬም በሰልፍ ላይ አሮጌውን ይዘው የሚወጡ አሉ። ለእነሱ ያ ባንዲራ ንጉሥ የወደቀበትና አገር ነፃ የወጣበት እንጂ የጭፍጨፋ ባንዲራ አይደለም። ይሄን ስሜት በአንድ ቃል ማጣጣል አይቻልም፤ እኔም አላጣጥልም። ግን የእነሱ ቅሬታ ስለ 1961 ነው፣ ስለ ኢትዮጵያ አይደለም። ጸሐፊው የሌላውን ቅሬታ ወስደው የእኛ አድርገውታል።

ቀጥሎ "ነጮች ሳሉላቸው፣ ሰማያዊው የተባበሩት መንግሥታት ነው" የምትለዋ። የመጀመሪያዋ ቶሎ ታልቃለች፤ ንድፉን የሠሩት አልፎንስ ኪሪሞቤኔቾ ናቸው፣ ሩዋንዳዊ ሠዓሊ። አለቀ።

ሁለተኛዋ ግን ትንሽ ታስቃለች፣ ትንሽ ደግሞ ታማለች። ሩዋንዳውያን ለተባበሩት መንግሥታት ምን ዓይነት ፍቅር ኖሯቸው ነው ቀለሙን የሚወስዱት? ሚያዝያ 21 ቀን 1994፣ ግድያው በተጀመረ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ የጸጥታው ምክር ቤት እዚያ ያለውን ሰላም አስከባሪ ወደ 270 ሰው እንዲቀነስ ወሰነ። ሰው በየቤተ ክርስቲያኑ እየታረደ ሰማያዊ ቆብ የለበሱት እየተጫኑ ሄዱ። ያንን ያየ ሕዝብ ለማስታወሻ ብሎ ሰማያዊ ይሰቅላል? በባንዲራው ማብራሪያ ላይ ሰማያዊው ደስታና ሰላም ነው፣ ቢጫው የኢኮኖሚ ዕድገት፣ አረንጓዴው የብልጽግና ተስፋ። ፀሐይዋ ደግሞ ብርሃን ናት፤ ድንቁርናን ማስወገድ፣ ግልጽነት፣ አንድነት። ማብራሪያው እንደ ሁሉም የመንግሥት ማብራሪያ ደረቅ ነው፣ ግን የተባበሩት መንግሥታት ስም የለበትም። ቀይና ጥቁር ሆን ተብለው ወጥተዋል፤ ይሄን ማየት ከሰማያዊው ይልቅ ይጠቅማል። ደግሞ ልብ በሉ፣ አረንጓዴና ቢጫ አሁንም አሉ። እነዚህን የሚያህሉ ቀለሞች ይዞ የቀረን አገር ከሃዲ ማለት…

"ሃያ አራቱ የፀሐይ ጨረሮች ሃያ አራት ጎሣዎች ናቸው" ተብሎ የተጻፈውን በፍጥነት ልለፈው። የ2003ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 ባንዲራውን ከታች ወደ ላይ እየዘረዘረ ይገልጻል። አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ግማሹን ይይዛሉ፤ ላይኛው ግማሽ ሰማያዊ ነው፤ ፀሐይዋንና ጨረሮቿን ሰማያዊ ቀለበት ይለያቸዋል። የጨረሮቹን ቁጥር እንኳ አይጠቅስም። ጎሣን ከመታወቂያ የፋቀ መንግሥት ባንዲራው ላይ ጎሣ ይቆጥራል ብሎ ማሰብ በራሱ ይገርማል።

የመጨረሻዋ ትልቋ ናት። "ባንዲራውን ቀየሩ፣ ሰላም አገኙ።" ጸሐፊው ይሄን ሲጽፉ ዓይናቸው ሩዋንዳ ላይ ሳይሆን እኛ ላይ እንደነበር ያስታውቃል። እኔ የእኛን ክርክር እዚህ አላመጣውም፤ የራሱ ቦታ አለው። ግን በሩዋንዳ ስም የሚመጣ መከራከሪያ ከሆነ ጎረቤቷን ቡሩንዲን ሳያዩ ማለፍ አይቻልም።

ቡሩንዲ ልክ እንደ ሩዋንዳ ከበሮ የመንግሥት ምልክቷ የሆነ ንጉሣዊ አገር ነበረች። ከበሮው ካርየንዳ ይባላል። እነሱ ግን በ1962 ነፃ ሲወጡ ከበሮውን አልሻሩትም፤ ባንዲራቸው መሃል ላይ አስገቡት። በኅዳር 1966 የጦር መኮንኑ ሚኮምቤሮ ንጉሡን ገልብጦ ሪፐብሊክ ሲያውጅ ከበሮው ከባንዲራው ወጣ፣ የማሽላ ተክል ብቻ ቀረ። በ1967 ማሽላውም ወጣና ሦስት ቀያይ ኮከቦች ገቡ። ኮከቦቹ አንድነት፣ ሥራና ዕድገት ናቸው ተባለ፤ ሕዝቡ ደግሞ ሁቱ፣ ቱትሲና ትዋ ብሎ ያነባቸዋል። በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስት ባንዲራ! ከዚያስ? በ1972 በእነዚያ ሦስት ኮከቦች ሥር መቶ ሺህና ከዚያ በላይ ይሆናል ተብሎ የሚገመት ሕዝብ አለቀ። በ1993 ፕሬዚዳንት ንዳዳዬ ተገደሉ፣ የእርስ በርስ ጦርነት ተከተለ። የባንዲራ ለውጥ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ቡሩንዲ ከሁላችን ቀድማ በዳነች።

ሩዋንዳ ውስጥ ለተፈጠረው መረጋጋት ምክንያት የሚፈልግ ሰው ሌላ ቦታ ይፈልግ። ከ2001 በኋላ የተደራጁትን ጋቻቻ የሚባሉ የየመንደሩ ፍርድ ቤቶች ይይ፤ 12,000 ያህል ነበሩ፣ ሥራቸውን በ2012 እስኪጨርሱ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ ጉዳዮችን አይተዋል፣ ሰዎች ሣር ላይ ተቀምጠው ጎረቤታቸውን በስም እየጠሩ እየመሰከሩ። መታወቂያውን ይይ። ጠንካራውን ጦርና ጠንካራውን የደኅንነት መዋቅር ይይ፤ ለዚያ የተከፈለውን የፖለቲካ ነፃነት ዋጋም አብሮ ይቁጠር፣ ምክንያቱም ዋጋው ትንሽ አይደለም። ባንዲራው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ፣ ወይ አብሮ የመጣ ነው። ውሳኔ የሚገልጽ ጨርቅ ነው፣ ውሳኔውን የወሰኑት ሰዎች ናቸው።

ጽሑፉ እንደገና የሚለጠፍ ከሆነ ደግሞ ምስሉ ይስተካከል። ምስሉ ላይ ሦስቱ መስመሮች እኩል ናቸው፣ ፀሐይዋም ምሰሶው አጠገብ በግራ በኩል ናት። በትክክለኛው ባንዲራ ሰማያዊው ግማሹን ይይዛል፣ ቢጫና አረንጓዴ ሩብ ሩብ ናቸው፣ ፀሐይዋ ከምሰሶው ርቃ በላይኛው ቀኝ ጥግ ናት።